ጠዋት በብርድ ሞተር ማሞቅ፦ ቆሞ ስንት ደቂቃ፣ እየሄዱ ስንት ደቂቃ?

በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውጭ ያደረ መኪና ጠዋት መስታወቱ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ብዙ አሽከርካሪ ሞተሩን አስነስቶ ይተወውና ቁርሱን በልቶ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይመለሳል። ልማዱ ቤንዚንና አየር ያለ ኮምፒውተር በካርቡሬተር ይቀላቀሉ ከነበረበት ዘመን የወረስነው ነው። ዛሬ አብዛኞቻችን የምንነዳውን፣ ቤንዚኑን በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጨውን ኢንጀክሽን ሞተር ግን ይህን ያህል መቆም ይጎዳዋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ቤንዚን በደንብ ስለማይተን ኮምፒውተሩ ከወትሮው አብዝቶ ይረጫል። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፤ በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) በኩል ሾልኮም ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርድና ያቀጥነዋል። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የቆመ ሞተር የሚያመነጨው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ይህ ክፉ ጊዜ ይረዝማል። ቀስ ብሎ የሚጓዝ መኪና ግን ቶሎ ይሞቃል። ማርሹ፣ የጎማው ኩሽኔታና ሾክ አብዞርበሩም ቢሆኑ የሚሞቁት ሲሄዱ ብቻ ነው።

ከማስነሳትዎ በፊት መብራት፣ ሬዲዮና የመስታወት ማሞቂያ ያጥፉ፤ ባትሪው ያለውን ጉልበት ሁሉ ለሞተሪኖው (ሞተሩን ለሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) ይስጥ። ማኑዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ይርገጡ፤ ሞተሪኖው የማርሽ ሳጥኑን ወፍራም ዘይት አብሮ ከማዞር ይድናል። ኢንጀክሽን መኪና ላይ ነዳጅ መስጫውን አይንኩ። ቁልፉን ከ10 ሰከንድ በላይ አይያዙ፤ እምቢ ካለ ግማሽ ደቂቃ ያሳርፉትና ይድገሙ። ሲነሳ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ወደ 1,200 ወይም 1,500 ይወጣል፤ ጤናማ ነው። የዘይት መብራቱ ወዲያው መጥፋት አለበት፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ ሞተሩን ያጥፉ። ከዚያ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ውርጭ ባለበት ጠዋት 2 ደቂቃ ቢሆን አልከፋም። አውቶማቲክ ከሆነ ዙሩ ትንሽ ወረድ እስኪል ጠብቀው ማርሽ ያስገቡ፤ አለዚያ መኪናው ሲገባ ይመታል።

እንደ ድሮዎቹ ኮሮላዎች ቾክ (የአየር መቀነሻ) በእጅ የሚሳብ ካርቡሬተር ያለው መኪና ላይ ነገሩ ይለያል። ቾኩን ስበው ያስነሱ፤ ሞተሩ መረጋጋት ሲጀምር በ2 ወይም 3 ደቂቃ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ይመልሱት። ረስተው ከነዱ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል።

ናፍታ ሞተር ላይ ቁልፉን ከፍተው የጥቅልል ምልክት ያለው የማሞቂያ ካንዴላዎቹ መብራት እስኪጠፋ ይጠብቁ። በጣም ከቀዘቀዘ ቁልፉን መልሰው ዘግተው አንዴ ይድገሙት። ተነስቶ ነጭ ጭስ እያወጣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ከማሞቂያ ካንዴላዎቹ አንዱ ሳይቃጠል አይቀርም። ናፍታ ሞተር ቆሞ ጨርሶ አይሞቅም ማለት ይቻላል፤ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ሰጥተው ይንቀሳቀሱ። ተርቦ ካለው እስኪሞቅ ድረስ ጉልበት አይጠይቁት።

ዋናው ሥራ የመጀመሪያው 10 ደቂቃ ነው። ቤንዚን ሞተርን ከ2,500፣ ናፍታን ከ2,000 ዙር በታች ይያዙ። የሙቀት መርፌው መሃል ሲደርስ ውሃው ሞቀ ማለት እንጂ ዘይቱ ሞቀ ማለት አይደለም፤ ዘይት ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። መርፌው ከቆመ በኋላም ጥቂት ኪሎ ሜትር ይታገሡ።

አሁን ብዙ ወጪ የሚያስከትለው ጥፋት ላይ እንምጣ፤ ቴርሞስታት ማውጣት። መኪናው አቀበት ላይ ሲፈላ አንዳንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል። ቴርሞስታት ከ82 እስከ 88 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፍ በር ነው። በሩ ከሌለ ብርዱ ላይ ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ቢነዳም ተገቢ ሙቀቱን ላያገኝ ይችላል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ፋሻውም ያልቃል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ መርፌው ወደ ታች ከሸሸ ይህን ይጠርጥሩ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስተው ወደ ራዲያተር የሚገባውን የላይኛውን የጎማ ቱቦ ይንኩ። ለደቂቃዎች ቀዝቅዞ ቆይቶ በድንገት መሞቅ አለበት። ከመጀመሪያው ቀስ በቀስ ከሞቀ ቴርሞስታቱ የለም፣ ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። ቱቦውን ሲነኩ እጅዎንና ነጠላዎን ከማራገቢያው ያርቁ።

መፍላቱ ራሱ ሌላ መነሻ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ክፍት ውሃ እዚያ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ግፊቱን ይዞ መፍላትን የሚያዘገየው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ላስቲኩ ከደረቀ ክዳኑን ይቀይሩ። ራዲያተሩን ያስጠርጉ፤ በቧንቧ ውሃ ፋንታም ግማሽ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግማሽ የተጣራ ውሃ ይሙሉ። ያኔ ቴርሞስታቱ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ጠዋት ከማርሚታው (ከጭስ መውጫው) የሚወጣ ስስ ነጭ እንፋሎት ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ አያሳስብም። ሞቆም ካልጠፋና ኩላንቱ እየጎደለ ከሄደ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ይታይ። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካገኙ ደግሞ የዘይት መለኪያውን ይምዘዙ፦ መለኪያው ንጹሕ ከሆነ ከአጭር ጉዞ የተጠራቀመ እርጥበት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ቢነዱት ያደርቀዋል። መለኪያውም ከነጣ መኪናውን ወደ ጋራዥ ያስጎትቱ።

መስታወት ላይ የሞቀ ውሃ በፍጹም አይድፉ፤ ይሰነጠቃል። በፕላስቲክ ካርድ ይፋቁት። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አያሙቁ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው፤ ሽታ የለውም። በሩ ቢከፈት እንኳ መኪናውን ወደ ውጭ አውጥተው ያቁሙት።

እንደ ሚኔሶታ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ በሚወርድበት አገር ለምትኖሩ መፍትሔው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሞተር ብሎክ ማሞቂያ ነው። ከመነሣትዎ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በፊት ይሰኩት፤ ሌሊቱን ሙሉ መሰካት መብራት ማባከን ብቻ ነው። ዘይቱም አምራቹ የሚፈቅደው ከሆነ 0ደብልዩ-20 ወይም 5ደብልዩ-30 ይሁን፤ ከደብልዩው በፊት ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈስሳል።