በስልክ ስትከፍሉ መጀመሪያ ስሙን አንብቡ

አሁን አሁን ሱፐርማርኬቱም ልብስ ቤቱም ክፍያ በቴሌብር ወይም በባንክ አፕ ይቀበላል። ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር አደራ፦ ፒን ከማስገባታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ስም ለባለሱቁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። «አዎ፣ እኔ ነኝ» ወይም «የባለቤቴ ነው» እስኪል ጠብቁ። አንዲት ቁጥር ከተሳሳታችሁ ብሩ ሌላ ሰው ጋ ይገባል፤ ማስመለሱ ደግሞ አሳር ነው። ኢንተርኔት እምቢ ካለ አትጨነቁ፣ ቴሌብር በ*127# ያለ ዳታም ይሠራል።

ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ በስክሪንሾት ብቻ ዕቃ አታስረክቡ። ተመሳስሎ የሚሠራ አለ፣ ሐሰተኛ መልእክትም ይላካል። የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን እዩ። ገዢው ቢቸኩልም እዩ።

ጥሬ ብርም አይቅር። ለታክሲና ለጉሊት ዝርዝር የግድ ነው። ሽንኩርት በመደብ ለምትሸጥ እናት ባለ 200 ብር ኖት መዘርጋት እሷንም ማስቸገር ነው፤ ዝርዝር ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር ገበያዋ ይቆማል። የ10 እና የ50 ብር ኖቶችን ለብቻ ኪስ ያዙላቸው።