አቀንጭራን ከማሽላችን ያባረርንበት መንገድ

ቆቦ ያለው የቤተሰባችን ማሳ ለዓመታት ማሽላ ብቻ ነበር የሚዘራበት። ማሽላው ወገብ ሳይደርስ ይጠወልጋል። ዝናብ እየዘነበ ቅጠሉ ድርቅ እንደመታው ይጨማደዳል። መጀመሪያ ማዳበሪያ ያነሰው መስሎን ጨመርንበት። ጠብ ያለ ነገር የለም።

አንድ ቀን አባዬ አንዱን ማሽላ በዶማ ቆፍሮ ከነሥሩ አወጣው። አፈሩን ቀስ ብሎ ሲያራግፍ አቀንጭራ የምትባለው ጥገኛ አረም ሥሯ ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ አየሁት። ከላይ ወይን ጠጅ አበባዋ ያምራል። ከታች ግን ውሃውንም ምግቡንም ትመጠምጣለች። ከመሬት ብቅ ስትል እኮ ብዙውን ጉዳት አድርሳ ነው።

አንዷ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች። ዘሩ አቧራ ነው የሚመስለው፤ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው እንደ ማሽላ ካሉ ተክሎች ሥር የሚወጣው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። እኛ በየዓመቱ ማሽላ እየዘራን ስንቀልባት ኖረናል!

ሁለት ክረምት ማሾ ዘራን። አቀንጭራ ማሾ ላይ ተጣብቃ መኖር አትችልም። አኩሪ አተርና ጥጥ ደግሞ ሥራቸው ዘሩን ይቀሰቅሰዋል፤ የሚጣበቅበት ስለሚያጣ ግን ይሞታል። ማሽላን በበቆሎ መተካት ግን አይጠቅምም፤ እሱንም ታጠቃለች።

ዘንድሮ ወደ ማሽላ ተመለስን። አቀንጭራ እዚህም እዚያም ብቅ አለች፤ ዘር ሳትጥል በእጃችን ነቀልናት። አሁን ማሽላው ከቁመቴ በላይ ነው። ከርሞ ተራው የማሾ ነው።