ወደ ሮራይማ አምባ እንዴት ይደረሳል?

ሮራይማ አናቱ የተደለደለ ትልቅ አምባ ነው። ቬኔዝዌላ፣ ብራዚልና ጉያና የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቆሟል። ከፍታው 2,810 ሜትር ሲሆን ዙሪያው ቀጥ ያለ ገደል ነው። ያለ ገመድ የሚወጣው በቬኔዝዌላ በኩል ብቻ ነው። ብዙ ሰው ገደሉን ይፈራል። እኔ የምፈራው ከገደሉ በፊት ያለውን የኩኬናን ወንዝ ነው። ጉዞውን ሁሉ ወንዙ ጋ በጊዜ ለመድረስ አድርጋችሁ አስሉት።

መጀመሪያ ወሩን ምረጡ። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ዝናቡ ይቀንሳል። አናቱ ላይ ግን በየትኛውም ወር ሊዘንብ ይችላል። ለእግር ጉዞው ደርሶ መልስ 6 ቀን ያዙ። በዚያ ላይ ቢያንስ 2 መጠባበቂያ ቀን ጨምሩበት። የመመለሻ በረራችሁ በማግስቱ ከሆነ ወንዙ ሞልቶም ለመሻገር ትፈተናላችሁ፣ ይሄ ደግሞ አደገኛ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ከመነሳታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ውሰዱ፤ ካርዱንም ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ።

ከዚያ በሰሜን ብራዚል ወዳለችው ቦአ ቪስታ ብረሩ። ከዚያ በአውቶቡስ ወይም በጋራ ታክሲ ወደ ጠረፏ ከተማ ፓካራይማ ትሄዳላችሁ፤ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ጠረፉ ላይ ሁለት ማህተም ያስፈልጋችኋል፦ ከብራዚል መውጫና የቬኔዝዌላ መግቢያ። ሹፌሩ ቸኩሎ ሊያልፍ ቢል አስቁሙት። የመውጫውን ማህተም የዘለለ ሰው ሲመለስ ጣጣ ይጠብቀዋል። ጠረፉ በ2019 እ.ኤ.አ. ለወራት ተዘግቶ ስለነበር፣ ክፍት መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ።

ከጠረፉ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ ሳንታ ኤሌና ዴ ዋይሬን ትገባላችሁ። የብራዚል ሪያል እዚያም ይሠራል፤ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ያለ መንገድ መሪ ተራራውን መውጣት አይፈቀድምና እዚህ ተነጋገሩ። ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ስንት ተሸካሚ እንዳለ፣ ድንኳኑ ውሃ ያስገባ እንደሆነ፣ የሰው ዓይነ ምድር እንዴት እንደሚወርድ ጠይቁ። አዎ፣ እሱም ተሸክሞ መመለስ አለበት። ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሌለውን መሪ እኔ አልይዝም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሱ። እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ዴ ዩሩዋኒ አስፋልት ነው። ከዚያ ላንድክሩዘር ብቻ የሚደፍረው ኮረኮንች ይጀምራል፤ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ወደሆኑት ወደ ፔሞኖች መንደር ፓራይቴፑይ ያደርሳል። እዚያ ተመዝግባችሁ በእግር ትጀምራላችሁ። ሜዳው ጥላ የለውም። ፑሪ ፑሪ የሚሏት ጥቃቅን ተናካሽ ዝንብ ስላለች ረጅም ሱሪና እጅጌ ልበሱ።

ከ4 እስከ 5 ሰዓት ከተጓዛችሁ በኋላ ቴክ ወንዝ ትደርሳላችሁ። ብዙ ቡድን እዚያው ያድራል። ውሃው ዝቅ ካለና መሪው ከተስማማ ግን ቀጣዩን ወንዝ ኩኬናንንም በዚያው ቀን ተሻግራችሁ እደሩ። ሌሊት ከዘነበ ጠዋት ሞልቶ ይጠብቃችኋል።

አሻጋገሩ እንዲህ ነው። የኩኬናን ድንጋይ ሙልጭልጭ ነው። ጫማችሁን አውልቁ፣ ካልሲውን ግን አታውልቁ፤ ወፍራም ካልሲ ድንጋዩን ከባዶ እግር በተሻለ ይይዛል። የቦርሳችሁን የወገብ ቀበቶ ፍቱ፣ ብትወድቁ ቶሎ ትጥሉታላችሁ። ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ። አንዱ እግር ሳይረግጥ ሌላውን አታንሱ። መሪው «ቆዩ» ካለ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።

በሁለተኛው ቀን ገደሉ ሥር ያለው የድንኳን ሰፈር ትደርሳላችሁ። በሦስተኛው ቀን መወጣጫው ይጀምራል። ገደሉን ታክኮ በጫካ ውስጥ የሚያልፍ፣ 4 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ዳገት ነው። መጨረሻ አካባቢ «የእንባ ማለፊያ» የሚባል ቦታ አለ፤ ከላይ የሚወርደው ፏፏቴ በቀጥታ ይረጫችኋል። ድንጋዩም ልቅ ነው። የመኝታ ከረጢታችሁን በላስቲክ ጠቅልሉት።

አናቱ ላይ የሚታደረው ከቋጥኝ ከለላ ሥር ነው። መሪዎቹ «ሆቴል» ይሏቸዋል። ቦታቸው ውስን ስለሆነ ከሰፈሩ ማልዳችሁ ውጡ።