ለእናታችሁ የሚዛን ስፖርት ቪዲዮ እንዴት ትመርጣላችሁ?

ዩቲዩብ ላይ «ለአዛውንቶች የሚዛን ስፖርት» ብላችሁ ብትፈልጉ ማለቂያ የለውም። አንዱ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅ ማወዛወዝ ነው። ሌላው አንድ ጎረምሳ ትራስ ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ የሚያሳየው ትርኢት ነው። 70 ዓመት ለሞላት እናት የሚሆነው መሀል ላይ ያለው ነው። እኔ ለእናቴ የምመርጠው እንዲህ ነው።

1. ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት

አቅራቢው አፈ ቅቤ ከሆነ ስህተቱ አይታያችሁም። ድምፁን ዝጉና መጀመሪያ እጁን እዩ። አጠገቡ የሚይዘው ነገር አለ? ግድግዳ፣ የኩሽና ጠርዝ ወይም ከባድ የእንጨት ወንበር ከሆነ ጥሩ። ጎማ ያለው የቢሮ ወንበር ወይም የፕላስቲክ ወንበር ከሆነ ግን እለፉት፤ ሲደገፉት አብሮ ይሄዳል። ካሜራው ከወገብ በላይ ብቻ የሚያሳይ ከሆነም አትድከሙ። እግሩን ሳታዩ ምኑን ትማራላችሁ?

2. እውነት ሚዛንን ይፈትናል?

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሳንወድቅ የምንቆመው በዓይናችን፣ በውስጠኛው ጆሯችን እንዲሁም ከእግርና ከመገጣጠሚያ በሚመጣው ስሜት ነው። እነዚህ የሚሠለጥኑት በመጠኑ ሲቸገሩ ነው። ተቀምጦ መሥራት መቆም ለማይችል ሰው ጥሩ ነው፤ ቆሞ አለመውደቅን ግን ብዙም አያስተምርም።

ጥሩ ቪዲዮ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሁለቱን እግር አጋጥሞ መቆም። ቀጥሎ ሳይራራቁ አንዱን በእግር ግማሽ ርዝመት ማስቀደም። ከዚያ የፊተኛውን ተረከዝ ከኋለኛው አውራ ጣት ጋር ማገናኘት። በመጨረሻ በአንድ እግር። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ የመውደቅ አደጋን ሲገመግም የሚጠቀመው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው። እያንዳንዱን 10 ሴኮንድ ያስቆማል። ሦስተኛውን 10 ሴኮንድ መያዝ ያቃተው አዛውንት የመውደቅ አደጋው ከፍ ያለ ነው ተብሎ ይወሰዳል።

የእጅ ድጋፉም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፦ በሁለት እጅ፣ በአንድ እጅ፣ በጣት ጫፍ፣ ከዚያ ያለ ድጋፍ። እናቴ የኩሽናውን ጠርዝ ይዛ ስትሠራ የማየው ጣቶቿን ነው። ጥፍሮቿ ሥር ነጣ ካለ ሥራውን የሚሠራው እጇ እንጂ እግሯ አይደለም። ያኔ አንድ ደረጃ ዝቅ እንላለን። «ጠርዙን በደንብ ያዙ» ብሎ ዝም የሚል አቅራቢ ግማሹን ነው የነገራችሁ። መቼ ላላ እንደሚደረግም መናገር አለበት።

በአንድ ጊዜ መክበድ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው። እግር አጥብቦ፣ ዓይን አስጨፍኖ፣ ትራስም ጨምሮ የሚያሠራ ቪዲዮ ይቅርባችሁ። አክስቴ የእጇን አንጓ የሰበረችው እንዲህ ባለው ነው። ትራሱ ሴራሚኩ ላይ ተንሸራተተ።

የእግር ጡንቻም አይረሳ። ከወንበር ተነስቶ መቀመጥና ተረከዝን ማንሳት የሌለበት ቪዲዮ ጎዶሎ ነው። ከየት ልጀምር ካላችሁ «ኦታጎ» የሚባለውን የስፖርት ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ፊደል (Otago) ፈልጉ። ኒውዚላንድ ውስጥ አዛውንቶች ቤታቸው እንዲሠሩት ተብሎ የተዘጋጀ ነው። የእግር ጥንካሬና ሚዛን በሳምንት 3 ቀን፣ የእግር ጉዞ ደግሞ 2 ቀን።

3. ተናጋሪው ማነው? ምንስ ቃል ይገባል?

የተመልካች ብዛት ምንም አይነግራችሁም። ነጭ ጋዋንም ያው ነው፤ ማንም ገዝቶ ይለብሰዋል። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ ካለ የት እንደሚሠራ ይናገር። «በ7 ቀን ሚዛንዎ ይስተካከላል» የሚለውን ወዲያው ዝጉ። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው የሚመክረው ሚዛንና ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ያውም ሳያቋርጡ።

4. ራሳችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ አጠገቧ ቁሙ

በቅርቡ ወድቃ ከሆነ ወይም ከአልጋ ስትነሳ የሚያዞራት ከሆነ ከቪዲዮው በፊት ሐኪም ይያት። የግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ያንንም ንገሩት።

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት። አንገቷን ደፍታ ስክሪን እያየች በአንድ እግር መቆም ራሱ ሌላ ፈተና ነው። በዓይኗ ትክክል፣ ፊት ለፊቷ ይሁን። ቪዲዮው በእንግሊዝኛ ከሆነ እንቅስቃሴውን እናንተ ተምራችሁ አሳዩአትና ስልኩን ዝጉት። ውጭ አገር ሆናችሁ ሊንክ የምትልኩም ቤት ያለ ሰው አጠገቧ እንዲቆም አድርጉ። ቪዲዮው የሚታየው ከኢንተርኔት ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ዳውንሎድ አድርጉት። እግሯን አንስታ ሳለ ኔትወርክ ቢቆም ወይም ማስታወቂያ ቢገባ ስልኩን ለመንካት እጇን ትዘረጋለች።