የድሮ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ከምን እንጨት እንደተሠራ እንዴት ይለያል?

ቀለሙን አትመኑ። ዕድሜ የጠገበ ቫርኒሽ ፈዛዛውን እንጨት ሳይቀር ቡናማ ያደርገዋል፤ አንዳንድ ሠሪዎችም ሆን ብለው ያጠቁሩት ነበር። ሻጩ በእርግጠኝነት ስሙን ቢነግራችሁ እንኳ በትህትና አመስግኑትና ራሳችሁ እዩት።

መጀመሪያ ዘንጉ ቀርከሃ አለመሆኑን አጣሩ። ስድስት ጠርዝ ካለውና እዚህም እዚያም አንጓ ከታየበት፣ ተሰንጥቆ የተጣበቀ ቀርከሃ ነው፤ እንጨት ፍለጋው እዚያው ያበቃል። ድቡልቡልና አንጓ የሌለው ከሆነ ወደ እንጨቱ እንለፍ።

አሁን ቫርኒሽ ያልነካው ቦታ ፈልጉ። የእጀታው ታችኛ ጫፍ፣ ወይም የብረት መጋጠሚያው ላልቶ የሚወጣ ከሆነ ከሥሩ ያለው እንጨት ጥሩ ነው። በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አይታሰብም! የመጀመሪያው ቫርኒሽ ራሱ የዕቃው ዋጋ አካል ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና የቀን ብርሃን ይበቃችኋል። የምታዩት ጎኑን ሳይሆን የተቆረጠበትን ጫፍ ነው፤ ምስጢሩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የዕድገት ቀለበቶቹ በግልጽ ከታዩና በየቀለበቱ መጀመሪያ ትልልቅ ቀዳዳዎች ከተደረደሩ፣ በእጃችሁ ያለው አሽ ወይም ሂኮሪ የሚባል እንጨት ነው። ሁለቱም ጠንካራ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ለታችኛው ክፍል ያገለግሉ ነበር። ሂኮሪ ላይ ከቀለበቱ ጋር ጎን ለጎን የሚሄዱ ክር የመሰሉ ፈዛዛ መስመሮች በብዛት ይታያሉ፤ ክብደቱም ከአሽ ይበልጣል።

ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ሆነው በሁሉም ቦታ እኩል ከተበተኑና ቀለበቱ እምብዛም ካልታየ፣ ዘንጉም ከመልኩ በላይ ከከበደ፣ ግሪንሃርትን ጠርጥሩ። ከጉያና አካባቢ የሚመጣ፣ ውኃ ውስጥ የሚሰምጥ እንጨት ነው (ዘንጉን ባልዲ ውስጥ ለመሞከር እንዳታስቡ)። ቀለሙ ከወይራማ አረንጓዴ እስከ ጥቁር ቡናማ ይደርሳል። በስኮትላንድ የኢንቨርነስ ከተማው ዘንግ ሠሪ አሌክሳንደር ግራንት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ረጃጅም የሳልሞን ዘንጎቹን የሠራው ከዚሁ ነው። የእሱ ዘንጎች በብረት አይጋጠሙም፤ ጫፍና ጫፋቸው በሰያፍ ተቆርጦ አንዱ በአንዱ ላይ ይታሰራል። እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ካያችሁ ጥርጣሬያችሁን ያጠናክረዋል እንጂ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ከባድና ጥቁር የሆነ ሁሉ ግን ግሪንሃርት አይደለም። የድሮ አሜሪካውያን ሠሪዎች ቤታባራ እያሉ የሚጠሩት፣ ኢፔ ከሚባለው የደቡብ አሜሪካ ጠንካራ እንጨት ወገን የሆነ እንጨት አለ። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ይታያል። ለጥገና ሲባል ከተቆረጠ ቦታ የወደቀ ብናኝ ካገኛችሁ፣ በውኃ የተበጠበጠ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ጠብ አድርጉበት፤ ወደ ቀይ ከተለወጠ ግሪንሃርቱን እርሱት። ይህን ሙከራ በብናኙ ላይ እንጂ በዘንጉ ላይ እንዳታደርጉት።

ፈዛዛ ቢጫ፣ ገጹ ለስላሳ፣ ቀዳዳው ያለ መነጽር የማይታይ ከሆነ ላንስውድ ነው፤ ከኩባና ከጃማይካ ይመጣ ነበር፣ ለቀጭኑ ጫፍም ተመራጭ ነበር። ችግሩ ደጋሜ የሚባለውም እንጨት ቁርጥ እሱን ነው። እውነቱን ለመናገር ቫርኒሽ በተቀባ ዘንግ ላይ ሁለቱን በዓይን እለያለሁ የሚል ሰው አያሳምነኝም። «ላንስውድ ወይም ደጋሜ» ብሎ መጻፍ ምንም አያሳፍርም።

አንዱን ክፍል ስላወቃችሁ ሙሉ ዘንጉን አወቅን አትበሉ። ታችኛው አሽ፣ መሃሉ ሂኮሪ፣ ጫፉ ላንስውድ ቢሆን የተለመደ ነው። ከዚያ ደግሞ ጫፍ ቶሎ ስለሚሰበር ብዙ ጊዜ በሌላ ይተካል፤ ስለዚህ የቫርኒሹን ዕድሜ፣ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን ክር አጠማጠምና የመጋጠሚያውን ብረት ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር አስተያዩ። እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ መዝግቡ። ቫርኒሽ ያልነካው ቦታ ያጣችሁለትን ክፍል ደግሞ «ያልተለየ ጠንካራ እንጨት» ብላችሁ እለፉት፤ ለስም ብሎ ቫርኒሽ ከመግፈፍ ይሻላል።