የኮቺንግ ሥራን እንደ ንግድ ማካሄድ፦ ከዋጋ ስሌት እስከ ውል

በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ኮች (ደንበኛው ግቡ ላይ እንዲደርስ በማዳመጥና በጥያቄ የሚያግዝ ባለሙያ) 40 ሰዓት መሸጥ አይችልም። ከደንበኛ ጋር የሚደረግ የ60 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከመጀመሩ በፊት ያለፈውን ማስታወሻ ለማንበብ 10 ደቂቃ፣ ካለቀ በኋላ ለመጻፍና ለደንበኛው ቃል የተገባውን ለመላክ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ በድምሩ አንድ ሰዓት ተኩል። ደንበኛ መፈለግ፣ ደረሰኝ መቁረጥና ቀጠሮ ማዛወር ገና አልተቆጠረም። በቀን ከአራት ሰው በላይ በሙሉ ልብ ማዳመጥም ይከብዳል፤ ለአምስተኛው ደንበኛ የሚተርፈው የደከመ ጆሮ ነው። ብቻውን ለሚሠራ ሰው በሳምንት ከ10 እስከ 15 ክፍለ ጊዜ በቂ ነው። ዋጋውም፣ ውሉም፣ የቀጠሮ አያያዙም ከዚህ ቁጥር ይነሣል።

1. ዋጋውን ከወጪዎ ተነሥተው ያስሉ

ዓመቱ 52 ሳምንት ነው። ለዕረፍት፣ ለበዓል፣ ለሕመምና ለራስዎ ሥልጠና 8 ሳምንት ይቀንሱ፤ 44 ይቀራል። በሳምንት 12 ክፍለ ጊዜ ቢይዙ 528 ይሆናል። አንዱ ደንበኛ ጨርሶ ሌላው እስኪተካ ባዶ የሚውሉ ሰዓቶች ስላሉ አንድ አሥረኛውን ያንሡ፤ ወደ 475 ይወርዳል።

አሁን ለኑሮ የሚያስፈልግዎትን፣ የሥራ ወጪውን (ኢንተርኔት፣ ኪራይ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ ሥልጠና) እና ግብሩን ደምረው ለ475 ያካፍሉ። ድምሩ በየትኛውም ገንዘብ 720,000 ቢሆን፣ የአንድ ክፍለ ጊዜ ዋጋ 1,515 ገደማ ይመጣል። ያንኑ ድምር ለ52 ሳምንትና ለ40 ሰዓት ያካፈለ ሰው ግን 346 ያገኛል። ከአራት እጥፍ በላይ ያነሰ ዋጋ ማለት ነው፤ ቀጠሮው ሞልቶ ኪሱ ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያው ዓመት 12ቱ አይሞላም። የስድስት ወር ወጪ ሳያስቀምጡ ወይም ሌላ ገቢ ሳይዙ ደመወዝ ያለውን ሥራ አይልቀቁ። ገንዘብ የቸገረው ኮች ሊመልሰው የሚገባውን ደንበኛ ሁሉ ይቀበላል።

2. ለማን እንደሚሠሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«ሰዎች አቅማቸውን እንዲያወጡ አግዛለሁ» የሚለውን የሚሰማ ሰው ራሱን አያይበትም። «በቅርቡ ኃላፊ የሆኑ መሐንዲሶች የትናንት ባልደረቦቻቸውን መምራት እንዲችሉ በሦስት ወር እሠራለሁ» ቢሉት ግን ወዲያው አንድ የሚያውቀው ሰው ትዝ ይለዋል። መፈተኛውም ይኸው ነው፦ ዓረፍተ ነገሩን ለአሥር ሰው ይንገሩ፤ ማንም የሰው ስም ካልጠራ እንደገና ይጻፉት። ከዚህ ክልል ውጭ የመጣን ደንበኛ መቀበል አይከለከልም። ጠባብ መሆን ያለበት ማስታወቂያው ነው።

በብዙ አገር ኮች ለመባል የመንግሥት የሙያ ፈቃድ አይጠየቅም። ድርጅቶች ግን የምስክር ወረቀት ይጠይቃሉ። በ1995 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ሦስት ደረጃዎች አሉት፦ የመጀመሪያው ቢያንስ 60 ሰዓት ትምህርትና 100 ሰዓት የኮቺንግ ልምድ፣ ሁለተኛው 125 እና 500፣ ሦስተኛው 200 እና 2,500 ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ደንበኛ ጀምሮ ቀኑንና ሰዓቱን በደንበኛው ፈቃድ ይመዝግቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ መቁጠር አድካሚ ነው።

3. ክፍለ ጊዜዎችን በጥቅል ይሽጡ

በሦስት ወር ውስጥ ስድስት ክፍለ ጊዜ፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ፤ ለመነሻ ይህ ይበቃል። በነጠላ የሚሸጥ ክፍለ ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ «ልቀጥል ወይስ ይቅር?» የሚል ጥያቄ ይከፍታል፤ ደንበኛውም ከባዱ ርእስ ሲመጣ ይጠፋል። ክፍያው ሙሉውን በቅድሚያ፣ ወይም ግማሹ ከመጀመሪያው፣ ግማሹ ከአራተኛው ክፍለ ጊዜ በፊት ይሁን። ጥቅሉ የሚያበቃበትን ቀን ይጻፉ፤ አለዚያ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ከዓመት በኋላ ይጠየቃል።

4. የመተዋወቂያ ውይይት

ነጻና 30 ደቂቃ ይሁን። ዋናው ጥያቄ «ለምን አሁን?» ነው። ስድስት ወር የታገሠው ሰው ዛሬ ለምን እንደደወለ ሳይገባዎት ዋጋ አይጥሩ። እዚያው ኮቺንግ መጀመርም ስሕተት ነው፤ ሰውየው ቀለል ብሎት አመስግኖ ይሄዳል።

ዋጋውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩና ዝም ይበሉ። ጀማሪዎች አምስት ሰከንድ ዝምታ አይችሉም፤ ማንም ሳይጠይቃቸው «ግን መነጋገር እንችላለን» ብለው ራሳቸው ይቀንሳሉ። ደንበኛው በእርግጥ ካልቻለ የክፍለ ጊዜውን ቁጥር ከስድስት ወደ አራት ያውርዱ፤ የአንዱን ዋጋ አይንኩ።

ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ወይም ያልዳነ ሐዘን የያዘው ሰው ከመጣ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ይምሩት። የሁለት ሦስት ባለሙያዎች ስም አስቀድሞ በእጅዎ ይኑር።

5. ውል

ሁለት ገጽ ይበቃል። የሥራው ዓላማ፣ የክፍለ ጊዜ ብዛትና ርዝመት፣ ክፍያ፣ ምስጢር አጠባበቅ፣ ሥራው ቢቋረጥ ገንዘብ የሚመለስበት መንገድ፣ እንዲሁም ኮቺንግ ሕክምና ወይም የሕግ ምክር አለመሆኑ ይጻፍ። ምስጢር ገደብ እንዳለውም ይገለጽ፦ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅና ፍርድ ቤት ሲያዝዝ።

ብዙ ጠብ የሚነሣው በተሰረዘ ቀጠሮ ነው። አንቀጹ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ቀጠሮ የሚሰረዘው ወይም የሚዛወረው ከ24 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ሲገለጽ ነው። ከዚያ በኋላ ከሆነ ክፍለ ጊዜው እንደተካሄደ ይቆጠራል። በአንድ ጥቅል ውስጥ አንድ ጊዜ ይታለፋል።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ልጁ የታመመበትን ደንበኛ ሳያስቀይሙ፣ ሌላው ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀር ደግሞ ሳያፍሩ ሕጉን ለማስከበር ታስችላለች። ይህ ሳይጻፍ በይሉኝታ ሁለት ጊዜ ያለፈ ኮች በሦስተኛው ማስከፈል አይችልም።

ከፋዩ አሠሪ ሲሆን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኮቹ፣ ሠራተኛውና አለቃው አብረው ይቀመጡ። አለቃው ምን እንደሚነገረው እዚያው ይወሰን፦ የተስማሙበት ግብና የተካሄደው ክፍለ ጊዜ ብዛት፣ ከዚያ ያለፈ የለም። በሁለተኛው ወር የሰው ኃይል ኃላፊው ደውሎ በወዳጅነት ድምፅ «እንዴት እየሄደ ነው?» ይላል። መልሱ «አራት ክፍለ ጊዜ ተካሂዷል፤ ስለ ይዘቱ ሠራተኛውን ራሳቸውን ቢጠይቁ ይሻላል» ነው። «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ይፈራል እንጂ» ያለ ኮች በዚያች ቃል ደንበኛውንም ድርጅቱንም ሊያጣ ይችላል። ሠራተኛው መሐል ላይ ሥራ ቢለቅ ቀሪው ክፍያ ምን እንደሚሆንም ውሉ ይናገር። ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ የሚከፍሉት ጥያቄው ከቀረበ ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ የክፍያ ጥያቄውን ውሉ በተፈረመበት ቀን ይላኩ።

6. ቀጠሮና ገንዘብ

ክፍለ ጊዜዎቹን በሦስት ቀን ሰብስበው፣ በመሐላቸው ቢያንስ 30 ደቂቃ ይተዉ። አንድ ግማሽ ቀን ደንበኛ ለመፈለግ ይዝጉ፤ ቀጠሮው በሞላበት ሳምንትም ቢሆን አይሰርዙት። ሁሉም ጥቅል በአንድ ወር ሲያልቅ ገቢው ባንዴ የሚደርቀው ያ ግማሽ ቀን ስለተረሳ ነው።

የሥራው ሒሳብ ከግል ሒሳብዎ ይለይ። ገንዘብ በገባ ቀን የግብሩን ድርሻ ወደ ሌላ ሒሳብ ያዛውሩ። በቅድሚያ የተከፈለዎት ገንዘብም ሥራው እስኪሠራ ድረስ የደንበኛው እንደሆነ ይቍጠሩት፤ ደንበኛው ቢያቋርጥ መመለስ ይኖርብዎታል።

7. ጥቅሉ ሲያልቅ

ስለ ቀጣዩ ጊዜ በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ያንሡ። በስድስተኛው ማብቂያ ላይ ከተነሣ ደንበኛው ልቡ ወጥቷል። በመጨረሻው ቀን በመጀመሪያው ውል ላይ የተጻፈውን ዓላማ ጮክ ብለው ያንብቡለትና ምን እንደተለወጠ በራሱ ቃል ይናገር። የተናገረውን እዚያው ይጻፉ፤ ከፈቀደ ያ ጽሑፍ ምስክርነት ይሆናል፤ ካልፈቀደ ከማስታወሻዎ አይወጣም። ከዚያ «ይህ ሥራ የሚጠቅመው ማንን ያውቃሉ?» ብለው ይጠይቁት፤ ከሦስት ወር በኋላም ለ15 ደቂቃ ያለ ክፍያ ይደውሉለት።