ለሃሎዊን ጥቁር ከረሜላ ፖም ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የሃሎዊን በዓል የሚከበርበት ኦክቶበር 31 ሲቃረብ በአሜሪካ የሚያድጉ ልጆች ወላጆቻቸውን ከሚወተውቱባቸው ነገሮች አንዱ፣ ጠንቋይ የመረዘው የሚመስለው፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ጥቁር ፖም ነው። ለስድስት መካከለኛ ፖም 2 ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ የበቆሎ ሽሮፕ፣ ሦስት ሩብ ኩባያ ውሃና ጥቂት ጥቁር የምግብ ቀለም ይበቃል። ስኳሩ፣ የበቆሎ ሽሮፑና ውሃው አብረው ፈልተው ሽሮፕ ሲሆኑ ፖሙ በውስጡ ይነከራል። ሥራው ሲበላሽ ብዙ ሰው ስኳሩን ይወቅሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለቦታው የተገኘ ውሃ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ፖሙን ከሱፐርማርኬት እንደመጣ መንከር ነው። እርጥበቱ እንዳይተንና እንዲያብረቀርቅ ተብሎ በሚበላ ሰም የተቀባ ፖም ከረሜላውን አይዝም፤ ሽፋኑም ሲቀዘቅዝ ተላቆ ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ማንኪያ አቼቶ በተጨመረበት የፈላ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሴኮንዶች ነክሮ ማውጣት፣ ላዩ ሲደበዝዝ በጨርቅ አሽቶ መጥረግ፣ ከዚያም ፈጽሞ እስኪደርቅ መተው ያስፈልጋል። ከፍሪጅ በቀጥታ የወጣ ፖምም ላብ ስለሚያወጣ በሽፋኑ ላይ አረፋ ይፈጥራል።

ከሁሉ የከፋው ሽሮፑን በግምት ከእሳት ማውረድ ነው። ሙቀቱ ከ149 እስከ 154 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት፤ ከዚያ በታች ከወረደ በውስጡ ውሃ ስለሚቀር ከረሜላው ጥርስ ላይ ይጣበቃል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ጥቂት ጠብታ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይጣል፤ የረጋው ክር ሲታጠፍ ሳይለመጥ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። የቦታ ከፍታም ልዩነት ያመጣል፦ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት የአሜሪካ ከተማ ዴንቨር ውሃ በ95 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ የሽሮፑም መድረሻ በ5 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ በ8 ዲግሪ ገደማ። ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ በማትለው ዋሽንግተን ዲሲ ከምትኖር እህቱ ቁጥሩን ተቀብሎ ዴንቨር ላይ እንዳለ የሚጠቀም ሰው ሽሮፑን ከሚገባው በላይ ያበስለዋል። ጥቁሩ ቀለም ከመጀመሪያው ከገባ ደግሞ ስኳሩ ቢያርር በዓይን አይለይም፤ በአፍ ሲመርር ብቻ ይታወቃል። ቀለሙ መጨመር ያለበት ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ ፈሳሹ ዓይነት ውሃ ስለሚጨምር ጄሉን እመርጣለሁ።

ስኳሩ ከሟሟ በኋላ ማማሰልም ስህተት ነው። በድስቱ ግድግዳ ላይ የቀረች አንዲት የስኳር ቅንጣት ወደ ሽሮፑ ከተመለሰች ሁሉንም አሸዋማ ልታደርገው ስለምትችል፣ ግድግዳውን በእርጥብ ብሩሽ ጠርጎ ድስቱን ሳይነኩ መተው ነው።

ልጆችን በመንከሩ ማሳተፍ ፈጽሞ አይገባም፤ ይህ ሽሮፕ ከፈላ ውሃ እጅግ ይበልጥ ይሞቃል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። እንጨት መሰካቱና በሳህን ላይ ማስጌጡ ይበቃቸዋል። ቃጠሎ ቢደርስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ ይገባል፤ በየቤታችን እንደተለመደው ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ጉዳቱን ያባብሳል።

የተሠራውን ማሳደር ሌላው ስህተት ነው። ስኳር እርጥበት ስለሚስብ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ፖም ማልቀስ ይጀምራል፤ ውጭ ማሳደሩም አያዋጣም፣ ምክንያቱም እንጨቱ የወጋው ፖም ጭማቂ ወደ ሽፋኑ ስር ይፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በአሜሪካ ካራሜል በተባለ ለስላሳ ከረሜላ የተሸፈኑ የታሸጉ ፖሞች በ12 ግዛቶች 35 ሰዎችን ሊስቴሪያ በተባለው ባክቴሪያ አሳምመዋል። በመሆኑም በተሠራበት ቀን መበላት አለበት። ወቅቱ የጽጌ ጾም ስለሆነ፣ ካራሜሉ ቅቤና ክሬም ሲኖረው ይህኛው ሽሮፕ የሌለበት መሆኑ ለጿሚው ይጠቅማል።

በሃሎዊን ማታ ከረሜላ ለመጠየቅ በር ለሚያንኳኩ የማይታወቁ ልጆች ግን ይህን ፖም አያድሉ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ልጆች በፋብሪካ ያልታሸገ ነገር እንዳይበሉ ስለሚመክር ወላጆቻቸው ይጥሉታል። ለእነሱ የታሸገ ከረሜላ በር አጠገብ ያስቀምጡ።